የጫማ ሰፊው ቀኝ እጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሱቄ ድረስ መጣች። እንጅባራ ከመናኸሪያው ጀርባ ጫማ እሠራለሁ። ልጅቷ በስልኳ ትምህርት የምትለጥፍ ናት፤ ሰኞ ስለ ጤና፣ ረቡዕ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ዓርብ ስለ ንባብ፣ እሑድ ደግሞ ራስን ስለ ማሳደግ ትናገራለች አሉ። ብዙ ሰው ይከተላታል። ወደ እኔ የመጣችውም ሰው ጠቁሟት ነው።

«ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ካለፈዎት በኋላ ፊደል ቆጥረው፣ ዛሬ ይኸን ሁሉ መጽሐፍ አንብበዋል አሉኝ። ለወጣቱ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ንባብ ምን ሰጠዎት?»

ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። ከኋላዋ ባጃጆች መንገድ እየተሻሙ ይጮኻሉ። የቆዳ መቁረጫ ቢላዬን አስቀመጥኩና «አጥፊው» አልኳት።

«ምነው? ብርሃኑ አልተስማማዎትም?»

«የምነግርሽ ሁለት ደቂቃ አይበቃውም። ደግሞም ያንቺ ተከታዮች የሚወዱት ዓይነት አይደለም።»

ቅር ብሏት ሄደች። ክፋት የላትም። የፈለገችው ሰው ጠዋት ከቁርሱ ጋር የሚውጠው ጣፋጭ ነገር ነው። እኔ ግን ፊደል የቆጠርኩት የሰው እጅ ሰብሬ ነው። ይኸን በሁለት ደቂቃ እንዴት አድርጌ ላጣፍጠው? በወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ነበር። አገሩ ቀይ አፈር ነው። ሰኔ ሲገባ ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ዱቄት ሆኖ የተሰነጠቀ ተረከዝ ውስጥ ይገባል። አባቴ ቀድሞ ሞቷል፤ የነበርነው እናቴ፣ ታላቅ እኅቴ አንጓችና እኔ ነን። አንጓች እኔን አዝላ ያሳደገች ናት። ዐሥራ ስድስት ዓመት ግድም ሲሆናት ቀኝ እግሯ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቿ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ፣ በኋላ እስከ ጉልበቷ። ቆዳዋ እንደ ግንድ ቅርፊት ሻከረ፤ በጣቶቿ መካከል እየቆሰለ ይሸት ጀመር። በየወሩ ትኩሳት ይጥላትና ሦስት አራት ቀን ጥርሷን ነክሳ ትተኛለች። ዝሆኔ ነው።

ያኔ በእኛ አገር ዝሆኔ በሽታ አልነበረም፤ ዘር ነው። አንድ ሰው ካበጠ የቤቱ ሁሉ አጥንት እንደ ተበላሸ ይቆጠራል። ለዚያ ቤት ልጅ አይድሩለትም፣ ከሱም ልጅ አይወስዱም። አንድ ቀን አንጓች ምንጭ ስትወርድ «ውኃችንን ታበላሺዋለሽ» ብለው በድንጋይ አባረሯት። እንስራዋ ተሰብሮ፣ ግንባሯ ተፈንክቶ መጣች። እናቴ ደሙን እየጠረገች በአውኚ ትራገማለች፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባት ነበር። እኔ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ድንጋይ ከወረወሩት አንዱን አግኝቼ ዓይኑ እስኪደፈን መታሁት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፊደል አላውቅም፤ የማውቀው ዱላ ነው። ጥሊሊ ገበያ ላይ «የዝሆኔዋ ወንድም» ያለኝን የመንደራችንን ሰው ሁለት የፊት ጥርሱን አርግፌለታለሁ። ሌላውን ጠላ ቤት ውስጥ፣ ጣሳውን ከከንፈሩ ሳያወርድ ነው የመታሁት፤ ጠላውና ደሙ ተቀላቅሎ ጋቢው ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ዝም አለ። እኔም ዝምታቸውን እንደ ክብር ቆጠርኩት። በዚያ ዕድሜ ፍርሃትንና ክብርን የሚለይልህ ሰው የለም፤ ቢኖርም ትመታዋለህ።

ጥር ላይ ሚስት ታጨችልኝ። ከጥሊሊ ወዲያ ካለ መንደር ናት፤ አባቷ ባለ ብዙ ፈረስ፣ ስሙ የታወቀ ሰው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ስለ አጥንታችን ጠየቁ። እናቴ ዓይኗን ሳታሽ፣

«እኅት አለችው፤ እሷም ቆላ ወርዳ ከተዳረች ቆየች። ወልዳለች» አለች።

ሽማግሌዎቹ ድንች በሰናፍጭ በሉ፣ ጠላ ጠጡ፣ መረቁ፣ ሄዱ። አንጓች ከጓዳው ግድግዳ ወዲያ ተቀምጣ ይኸን ሁሉ ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆላ የተዳረች ናትና ቀን ከቤት አትወጣም። ጎረቤት ያውቃል፤ ግን ዱላዬን ይፈራል። አማቾቼ ሩቅ ናቸው፤ አያውቁም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ላይ ተቆረጠ። እስከዚያ አንዲት ነፍስ ከጓዳ እንዳትወጣ መጠበቅ ነበር ሥራዬ።

ጋሽ ኤልያስ የመጣው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው። የእንጅባራ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ቀጭን፣ ሳል የማይለየው፣ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ በጀርባው አስሮ የሚዞር። ስለ እግር እብጠት ትምህርት ተሰጥቶት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቶ ገጠር ለገጠር ይሄድ ነበር። ያበጠ እግር በሳሙና ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ቅባት ይቀባል፣ ለክቶ ሄዶ በእግሩ መጠን ጫማ ሰፍቶ ያመጣል። ዋጋ አይጠይቅም። ጴንጤ ነበር። እግር ማጠብ በእኛ ዘንድ የጸሎተ ሐሙስ ነው፤ የሚያጥበውም ቄስ ነው። እንግዲህ አንድ ጴንጤ በጾም መካከል ሳፋ ይዞ ሲመጣ ወሬው ምን እንደሚሆን ገምቱ። «በሳሙና አሳብቦ ሃይማኖት ሊያስቀይር ነው» ተባለ። «እሱ ያጠበው ሰው እዚያው ተጠመቀ ማለት ነው» ያሉም ነበሩ።

እኔን ያሳሰበኝ ሃይማኖቱ አይደለም። በዚያው ጾም ጥሊሊ ላይ ቅቤ የገባበት ሽሮ በልቻለሁ። ያሳሰበኝ ሳፋው ነው። ያ ቀይ ሳፋ የቆመበት በር ሁሉ «በሽተኛው እዚህ አለ» ብሎ መናገር ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘውዴ ቤት ወጥቶ ወደ እኛ አጥር ሲመጣ አየሁት። በሩን ዘግቼ ቆምኩ።

«እንደምን አረፈድክ፣ ወንድም» አለ።

«ወዴት ነው?»

«ይኸን ቤት ነበር የፈለግሁት።»

«ማን ጠራህ?»

ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ቶሎ መለሰው።

«እንጃ፤ በር ተሳስቼ ይሆናል» አለና ዞረ።

ሊመለስ ነበር። ይኸን ስንት ዓመት ሙሉ አስቤዋለሁ፤ ዞሮ ነበር፤ ብተወው ይሄድ ነበር። ግን ጎረቤት ቆሞ ያያል። ሳፋው በራችን ድረስ መጥቷል። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ፤ የማውቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በጾም የቄስ ሥራ ትሠራለህ፣ አንተ መናፍቅ!» ብዬ ጮኽኩ። የጮኽኩት ለሱ አልነበረም፤ ለቆሙት ነው። የመጀመሪያው ዱላ ሳፋውን አገኘው፤ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ሊመክት ቀኝ እጁን ሲያነሣ ክንዱ ላይ አሳረፍኩት። ደረቅ ቀርከሃ በጉልበት ሲሰበር የሚሰጠው ድምፅ ነበር። አልጮኸም፤ አየር ብቻ ሳበና በጉልበቱ ወደቀ። ሦስተኛውን ራሱ ላይ ልደግመው ስሰነዝር ከቤት ውስጥ የአንጓች ጩኸት ወጣ። እጄን የያዘኝ ርኅራኄ አይደለም። ጩኸቷ ይሰማብኛል ብዬ ነው።

የጠራችው እሷ ኖራለች። በአጥር ቀዳዳ እትዬ ዘውዴን ለምና ወደ እሱ ልካታለች። ይኸን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰውዬው አጥንቱ ተሰብሮ፣ አፈር ላይ ተንበርክኮ እንኳ «የጠራችኝ እኅትህ ናት» አላለኝም። ቢል ኖሮ እሷን ምን እንደማደርጋት ፊቴ ላይ አይቶ ይሆናል።

በሳምንቱ ድንች ጭኜ እንጅባራ ወጣሁ። የጋሽ ኤልያስ የሚስት ወንድም ጫኝና አውራጅ ነበር፤ አንገቱ የበሬ አንገት። ሚኒባሶች ከሚቆሙበት አስፋልት ዳር ጠበቀኝ። ሰላም አላለኝም፤ ብረት ነው ያሳረፈብኝ። የግራ ጆሮዬ ግማሹ ተንጠለጠለ፤ በእጄ ደግፌው ቤቴ ገባሁ። ዛሬም ልጆች ሲያዩት ይደነግጣሉ። ገና ቁስሉ ሳይደርቅ መጥረቢያ ስስል እናቴ አየችኝና፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ሮጠች።

ለዕርቅ ተቀመጥን። በአንድ በኩል እኔ ጆሮዬ ታስሮ፣ በሌላ በኩል ጋሽ ኤልያስ ክንዱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ። ስለ ጆሮዬ ከወዲያ በኩል ይቅርታ ተጠየቀ። ስለ ክንዱ «ካሳህን ተናገር» አሉት። ሁላችንም በሬ ይጠይቃል ብለን ስንጠብቅ፣

«በሬውን ምን ላደርገው ነው? ሱቄ ውስጥ ላስረው?» አለ። ሰው ሳቀ። «የሰበረው ቀኝ እጄን ነው። እስኪጠገን ድረስ ቀኝ እጅ ይሁነኝ። ሳፋ ይሸከም፣ እግር ይጠብ፣ መዝገብ ይጻፍልኝ።»

«ኧረ ይኸ መጻፍ አያውቅም!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ይማራላ።»

ሌላው ስሜን ጠርቶ፣ «ይግዛው? ይግዛው የሚያውቀው ፊደል ዱላ ነው፤ እሱንም ያለ ጥያቄ ነው የሚያስነብብህ!»

ሳቃቸው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አጋድመው ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ሽማግሌው «እምቢ ካልክ ደሙ ይቀጥላል፤ ደም ያለበትን ሰው ደግሞ የሚድር የለም» አለኝ። ለሠርጌ ስል ማልኩ።

የመጀመሪያው ቤት የአንድ አረጋዊ ገበሬ ነበር። ሽታው ከደጁ ተቀበለኝ። ጋሽ ኤልያስ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአፉ ያዝዘኛል፤ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፍ፣ ሳሙናውን በእጅህ አረፋ አድርገው፣ በጣቶቹ መካከል ግባ፣ አትፍራ። ገባሁ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አስታወክሁ።

«ጨርሰህ ትፋና ተመለስ፤ ውኃው ሳይቀዘቅዝ» ሲል ከውስጥ ሰማሁት።

ገበያ ላይ ይበልጥ ከፋ። ጥሊሊ ስንገባ አንዱ ቀልደኛ «ሙሽራው ሳፋ አዘለ! መቼ ነው የሚያጠባው?» ብሎ ጮኸ። ደሜ ፈላ። ጋሽ ኤልያስ ክንዴን ያዘና፣

«መጀመሪያ ሳፋውን አስቀምጥ። ያኛውን ሰብረኸዋል፤ ሌላ የለኝም» አለኝ።

አስቀመጥኩ። ሄጄ ቀልደኛውን በጥፊ አጋደምኩትና ተመለስኩ።

«ጨረስክ? ተሸከም» አለ። ሌላ ተግሣጽ አልነበረም። ያን ጊዜ የናቀኝ መስሎኝ ነበር።

ለሕዝቡ የሚናገረው ንግግር አጭር ነው። «አፈሩ ነው» ይላል። «ቀዩ አፈር በባዶ እግር ይገባል። ዘር ቢሆን ኖሮ ባለጫማው የከተማ ዘመዳችሁ ለምን አያብጥም? አጥንታችሁ አንድ አይደለም እንዴ?» ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔም ሳፋውን ይዤ ቆሜ እሰማለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ገባኝ። በአንጓች አጥንት ውስጥ ምንም ነገር እንደሌለ፣ ሳሙናና ጫማ ብቻ እንደሚያስፈልጋት አወቅሁ። ማታ ቤት ገብቼ ከፊቷ እራቴን በላሁ፤ ቃል አልተነፈስኩም። አንድ ጊዜ ግማሽ ሳሙና ይዤ ገባሁ፤ እናቴ ተቀብላኝ የሠርጉን ጋቢ አጠበችበት። እኔም ዝም አልኩ።

መዝገቡ ወፍራም ሽፋን ያለው ደብተር ነበር፤ የባለቤቱ ስም፣ በሽተኛው፣ የእግሩ ልክ። ትምህርቴ የጀመረው ከሀ አይደለም።

«መጀመሪያ ይቺን ልመድ» አለኝና በግራ እጁ እያጣመመ ሦስት ፊደል መሬት ላይ ጫረልኝ። «የለም ትባላለች።»

«ሌላው ሰው ከሀ ይጀምራል።»

«ሀ ትደርሳለች። በዚህ አገር የምትበዛዋ ቃል ይቺ ናት።»

እውነቱን ነው። ቤት ለቤት እንሄዳለን፤ «በሽተኛ አለ?» ይላል። «የለም» ይሉታል፤ ሽታው ከውስጥ እየመጣ። እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ የጻፍኩትን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እንድለምድ። እርፍ የለመደ እጄ እርሳሱን ይሰብረዋል። «ማረሻ አይደለም፣ አትጫነው» ይለኛል። ቀስ በቀስ ስሞች መጡ፣ ቁጥር መጣ። ፋሲካ ሲደርስ የሚኒባስ ጀርባ ላይ የተጻፈውን፣ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ አነብ ነበር። ደስታውን አልክድም። ዓለም ለካ ሁልጊዜ ስትናገር ኖራ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ ደንቆሮ። አንድ ጊዜ እንጅባራ ላይ አንድ ምልክት አንብቤ መንገድ መካከል ቆሜ ሳቅሁ፤ ጋሪ ሊድጠኝ ነበር።

ሚያዝያ ማብቂያ ላይ፣ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ተራው የእኛ መንደር ሆነ። ጋሽ ኤልያስ ክንዱን ከእገዳው ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የእትዬ ዘውዴን እግር አጠብኩ፤ ጥሩ ሆኖላታል። ከዚያ ወጣን፣ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። እኛ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። ክንዱን የሰበርኩበት ቦታ ነው። እናቴ መቃኑ ላይ ተደግፋ ታየናለች። አንጓች ከግድግዳው ወዲያ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ስታዳምጥ ትንፋሿን እንደምትይዝም አውቃለሁ።

«በዚህ ቤት በሽተኛ አለ?» አለ። የጠየቀው እናቴን አልነበረም።

እርሳሱ እጄ ላይ ነው። ስሟን መጻፍ እችል ነበር። አን፣ ጓ፣ ች፤ በልቤ ፊደሎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ጓ ከበድ ትላለች፣ ግን እችላት ነበር። ማንም ጉሮሮዬን አልያዘኝም። ማንም አላስገደደኝም። ደብተሩን ክንዴ ላይ አመቻቸሁና፣ ፊደሉን የሚነግረኝ ሰው ሳያስፈልገኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ጻፍኩ።

ደብተሩን ተቀበለኝ። እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበው።

«የለም።»

ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ።

«ጽሕፈትህ ተስተካክሏል» አለኝና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ከዱላዬም፣ ከብረቱም፣ በሕይወቴ ካየሁት ምት ሁሉ ያቺን የሚያህል የለም። ግን ያን ቀን አልተሰማኝም። ያን ቀን የተሰማኝ ማምለጤ ነው።

የጥሊሊ ገበያ ቀን ደረሰ። ጋሽ ኤልያስ ክንዱን ፈቷል፤ አሁንም ደካማ ነው፣ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ያመዋል። ገበያው ዳር በርጩማ አስቀምጦ እግር ይለካል፤ እኔ ከጎኑ እጽፋለሁ። አማቼና ሁለቱ የእጮኛዬ ወንድሞች ከፈረስ ገበያው መጥተው በአክብሮት ሰላም ብለውኝ፣ እዚያው ቆመው ሥራውን ያያሉ። እንዲያውም አማቼ «ጸሐፊ ልድር ነው!» እያለ ለሰው ይነግር ነበር።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ገበያተኛው መንገድ ከፈተ። ቀና ስል አንጓች ናት። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ያንን ሁሉ መንገድ በዚያ እግር መጥታለች። እግሯ ደም ለብሷል፤ ፊቷ እንደ አመድ ነው። ማንንም አላየችም። መጥታ እግሯን በርጩማው ላይ አወጣች።

«ለካኝ» አለችው።

«የማን ቤት ነሽ፣ እናቴ?» አለ ከቆሙት አንዱ።

«የጸሐፊው እኅት ነኝ።»

የአማቼ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሠራው ሌላ ሰው ነው ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ደብተሩን ጣልኩና በቡጢ ፊቷን መታኋት። ያዘለችኝን እኅቴን። በጀርባዋ ሳፋው ላይ ወደቀች፤ ውኃው ተደፋ፣ አፍንጫዋ ደማ። በእግሬ ልደግማት ሳነሣ አንድ ነገር ጉንጬን አጋየው። ጋሽ ኤልያስ ነው። ዝንብ እንኳ ሲመታ አይቼው አላውቅም። የተጠገነው ቀኝ እጁ የመጀመሪያ ሥራው ፊቴን መምታት ሆነ። ከእኔ ይልቅ ራሱን አሞት በግራው ያዘው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ካሳህን ጨርሰሃል» አለኝ። «የራሴ እጅ አለኝ። ሂድ።»

የት ልሂድ? የእጮኛዬ ወንድሞች ደረሱብኝ። እኅቴን ስለ መታሁ አይደለም፤ እሱ ማንንም አላስቆጣም። ስላታለልኳቸው ነው። በሽመል አጋደሙኝ። ሁለት የጎን አጥንቴ ሲሰበር ቆጠርኩት። ከገበያው ሁሉ አንድ ሰው «ተው» አላለም፤ ጥርሱን ያረገፍኩት ሰውዬም እዚያ ነበር፣ ቆሎ እየበላ። በእግራቸው መካከል ሳይ፣ አንጓች ተነሥታ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እግሯን መልሳ በርጩማው ላይ አወጣች። ጋሽ ኤልያስ በዚያው ደካማ ቀኝ እጁ ደብተሩን ከጭቃ አነሣና ጻፋት።

ሠርጉ ፈረሰ። መንደሩ ውስጥ የሚፈራኝም የሚያናግረኝም ጠፋ። ከዓመት በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ እንጅባራ ጋሽ ኤልያስ ሱቅ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ሳፋው ከበርሜሉ ኋላ ነው» አለ። ስለ ይቅርታ አልተነጋገርንም፤ ጠይቄው አላውቅም። ሙያውን አስተማረኝ፤ ከሀ እስከ ፐ አስጨረሰኝ። ሲሞት ሚስቱ ደብተሩን ሰጠችኝ። እኔ የጻፍኳት አልተሰረዘችም። ከሥሯ፣ በተጣመመ ጽሕፈት፣ የአንጓች ስምና የእግሯ ልክ አለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ፤ ራስን ስለ ማሳደግ የሚናገሩትን ሁሉ ሳይቀር። ማንበብ ሰውን ሰው ያደርጋል ይላሉ። አላደረገኝም። ሳላነብ ዱላዬ የሚደርሰው ክንድ ድረስ ነበር፤ ማንበብ ስችል በሕይወት ያለች ሴት ከደብተር ላይ ማጥፋት ቻልኩ። ስለ ሳሙናው ማወቄም እንዲሁ ነው፤ ባወቅሁበት በዚያው ማታ ዝም ብዬ እራቴን በልቻለሁ። እውቀት እጅህ ውስጥ ሲገባ እጅህ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ልጅቷ ይኸን ዓርብ ላይ ትለጥፈው እንደሆነ እንጃ።

አንጓች ግምጃ ቤት የሚባል ከተማ ትኖራለች። ጋሪ የሚነዳ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። እግሯ እንደሌላው ሰው ባይሆንም ጎድሏል፤ ትኩሳቱ ከተዋት ብዙ ዘመን ሆነው። ጫማዋን እኔ ነኝ የምሠራላት። ትናንት ለልክ መጥታ ነበር። ልጅቷ ያለችኝን ነገርኳትና፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር ገና ትናንት ደፍሬ ጠየቅኋት።

«እታለም፣ ፊደል ላስተምርሽ? እኔ ሽማግሌ ሆኜም አስተምራለሁ፤ አይከብድም።»

የተቆጣች አትመስልም።

«እሱስ ይቅርብኝ» አለች። «የመጀመሪያዪቱን ቃልህን ከግድግዳ ወዲያ ሆኜ ሰምቻታለሁ። የቀረውን አንተ አንብበው።»

መርፌና ክሩን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ።

«ይኸን ጫማ ግን አውራ ጣቱ ጋ ትንሽ አስፋልኝ፤ ይጫነኛል» አለች።

አሰፋሁላት።